ከዕፅዋት የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ሲባል የቱን እንያዝ፣ የቱን እንተው?

ቤተሰብ ውስጥ «ካንሰር ነው» የተባለ ቀን ስልክ እረፍት ያጣል። አንዱ ቪዲዮ ይልካል። ሌላዋ እገሌን ያዳነ ቅጠል አለ ትላለች። ሦስተኛው «ሰውን የሚጨርሰው ኬሞው ነው፣ ተፈጥሮን ያዙ» ብሎ ይመክራል። ሁሉም ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ችግሩ በጣም የተለያዩ ነገሮች «የተፈጥሮ» በሚል አንድ ስም ተጠቅልለው መምጣታቸው ነው። ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ከተክል የወጣ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው የእርድ እንክብልም ከተክል የወጣ ነው። የአፕሪኮት ፍሬ ውስጥ ያለው መራራ ዘርም እንዲሁ። የመጀመሪያው ብዙ ሕፃናትን ከሞት መልሷል፣ የመጨረሻው ሰው መርዟል።

ስለዚህ «ተፈጥሮ ይሻላል ወይስ ኬሚካል?» የሚለውን ጥያቄ እዚሁ እንተወው። የትም አያደርስም። እኔ የምጠይቀው «ተለክቷል ወይ?» ብዬ ነው። በአንዱ እንክብል ውስጥ ያለው ስንት ነው፣ ሲዋጥ ደም ውስጥ የሚደርሰው ስንት ነው፣ ካንሰር ባለበት ሰው ላይ ተሞክሮስ ምን ሆነ? እነዚህን ይዘን አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተክል ወጥተው መድኃኒት የሆኑት

ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ ከማዳጋስካር ፔሪዊንክል ልጀምር። ሮዝ አበባ ያለው ትንሽ ተክል ነው። የቅጠሉ ሻይ ለስኳር በሽታ ይሆናል ይባል ስለነበር በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር መረመሩት። የአይጦቹ ስኳር አልወረደም። ነጭ የደም ሕዋሳቸው ግን ክፉኛ ወረደ። ሉኪሚያ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋስ ከቁጥጥር ወጥቶ የሚራባበት በሽታ ነው። ከዚያ ቪንብላስቲን ተገኘ፣ በኤሊ ሊሊ ኩባንያ ተመራማሪዎች እጅ ደግሞ ቪንክሪስቲን፤ እሱም በ1963 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አጣዳፊ የሉኪሚያ ዓይነት ከያዛቸው ሕፃናት የሚተርፈው በጣም ጥቂት ነበር። ዛሬ የተሟላ ሕክምና ባለበት ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት ይተርፋሉ፣ ቪንክሪስቲንም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተቀናጅቶ የዚያ ሕክምና አንዱ ምሰሶ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አንድ ግራም ቪንክሪስቲን ለማውጣት ብዙ መቶ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። ቅጠሉን አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ቪንክሪስቲን እየጠጣ አይደለም። ስንቱ እንደሆነ የማይታወቅ፣ ከሌሎች ብዙ ነገሮች ጋር የተቀላቀለ መርዝ ነው የሚጠጣው።

ሁለተኛው ታክሶል ነው፣ የመድኃኒት ስሙ ፓክሊታክሰል። በ1962 አርተር ባርክሌይ የሚባል የዕፅዋት ባለሙያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከፓስፊክ ዩው ዛፍ ቅርፊት ናሙና ሰበሰበ። ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ንጥረ ነገሩን ለይተው ቅርጹን በ1971 አሳወቁ። በ1979 ሱዛን ሆርዊትዝ እንዴት እንደሚሠራ ገለጸች። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን እየጎተቱ የሚያካፍሉ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ቪንክሪስቲን ክሮቹ እንዳይሠሩ ያደርጋል። ታክሶል በተቃራኒው አንዴ ከተሠሩ እንዳይፈርሱ አጥብቆ ይይዛቸዋል። መንገዳቸው የተገላቢጦሽ ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው፣ ሕዋሱ መከፈል አቅቶት ይሞታል። ታክሶል ለእንቁልጢ (ለሴቷ ኦቫሪ) ካንሰር የተፈቀደው በ1992 ነው፤ ከቅርፊቱ እስከ ፈቃዱ 30 ዓመት። «ኩባንያዎቹ ደብቀውት ነው» ለሚል ሰው ይህን ታሪክ ብነግረው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የዛፍ ቅርፊት መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም። ያስጨነቀው ዛፉ ማለቁ ነበር። ዩው አዝጋሚ ዛፍ ነው፣ ቅርፊቱ ሲላጥ ይሞታል። መፍትሔውም ከተክል መጣ። ከአውሮፓ ዩው ቅጠል ቅርብ ዘመዱን አውጥቶ በኬሚስትሪ ወደ ታክሶል መለወጥ ተቻለ፣ ቅጠሉም ሲለቀም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ካምፕቶቴሲን ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እነዚያው ዎልና ዋኒ በ1966 ከአንድ የቻይና ዛፍ አወጡት። በሰው ላይ ሲሞከር የሽንት ፊኛን እያደማ ስላስቸገረ ሙከራው ቆመ። ኬሚስቶች ቅርጹን ቀይረው ቶፖቴካንንና አይሪኖቴካንን ሠሩ፣ ሁለቱም በ1996 ተፈቀዱ። ተክሉ የሰጠው ሐሳቡን ነው፤ ሰው የሚችለውን ቅርጽ የሰጠው ላቦራቶሪው ነው። የኢቶፖሳይድም ነገር ተመሳሳይ ነው፣ መነሻው ሜይአፕል የሚባል ተክል ሥር ውስጥ ያለ መርዝ ሲሆን መድኃኒቱ በ1983 ተፈቀደ።

ሜይታንሲንን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ተለይቶ በ1972 ይፋ የሆነ ነው። ብቻውን ሲሰጥ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው በዝቶ ተተወ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ግን የጡት ካንሰርን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ዘመዱ ተጣበቀና በ2013 ካድሳይላ በሚል ስም መድኃኒት ሆነ። መርዙ ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለወጠው የሚሄድበት ቦታ ነው።

እነዚህ ገር መድኃኒቶች እንዳይመስሏችሁ። ቪንክሪስቲን ነርቭ ይጎዳል፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በስህተት ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ከተወጋ ይገድላል። ታክሶል ጸጉር ያረግፋል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል። አይሪኖቴካን ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። ልዩነቱ ይህ ሁሉ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ነርሷ ምን እንደምትጠብቅ ታውቃለች፣ ሐኪሙ መቼ መጠን እንደሚቀንስ ያውቃል። ከመካከላቸው የትኛው ይሻላል ብሎ ማወዳደር የታማሚው ሥራ አይደለም፣ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ነው የሚወስነው።

በጠርሙስ የሚሸጡት

እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከሁሉም በላይ የሚነሳ ስም ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ ይገድላል፣ ይህ እውነት ነው። በረኪናም ይገድላል። ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ንጥረ ነገሩ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚውለው። ሰው ግን ጨጓራ አለው፣ አንጀት አለው፣ የገባውን ሁሉ እየበጣጠሰ የሚያስወጣ ጉበት አለው። የእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚኑ 3 በመቶ ገደማ ነው። ከተዋጠውም ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፣ ያለፈውም ቶሎ ይለወጣል። በ2017 በአንድ የመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ በሰው ላይ የተደረጉ ከ120 በላይ ሙከራዎችን ተመልክቶ፣ ሰጪም ተቀባይም ሳያውቅ ከማስመሰያ ክኒን ጋር ተነጻጽሮ የተሳካ አንድም ሙከራ የለም ብሏል።

አምራቾቹ ይህን ችግር ያውቁታል። ለዚህም ነው «በደንብ የሚዋሃድ» ብለው ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፒፔሪን የሚጨምሩበት። እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፒፔሪን ሰውነት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድም ያዘገያል። እንዲህ ያሉ እንክብሎችን የወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ደርሶ በሕክምና ተመዝግቧል። ወጥ ውስጥ ያለ እርድና በእንክብል የታጨቀ እርድ አንድ አይደሉም። ምግቡን ብሉት። እንክብሉ ግን በኬሞ ላይ ላለ ሰው በራሱ ውሳኔ የሚጀመር ነገር አይደለም።

አረንጓዴ ሻይም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሦስት ስኒ መጠጣትና የሻይ ቅጠሉን ተዋጽኦ በእንክብል መዋጥ ይለያያሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው፣ በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሻዩን ዋና ንጥረ ነገር መውሰድ ጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ያሳያል። ቦርቴዞሚብ የሚባለውን የአጥንት መቅኒ ካንሰር መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። በቤተ ሙከራ ሲታይ የሻዩ ንጥረ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቆ ሥራውን አስቁሞታል።

ከወይን ልጣጭ የሚገኘው ሬስቬራትሮል በአንድ ወቅት ብዙ ተወርቶለታል። በከፍተኛ መጠን ተዘጋጅቶ ማልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የአጥንት መቅኒ ካንሰር በያዛቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ታማሚዎች ኩላሊታቸው ስለተጎዳ በ2010 ሙከራው ተቋረጠ።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን የቤታ ካሮቲን ታሪክ ነው። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው እሱ ነው። አትክልት በብዛት የሚበሉ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ሲያንሳቸው ስለታየ ተመራማሪዎቹ ንጥረ ነገሩን በክኒን እንስጥና እንከላከል አሉ። ማን ይቃወማል? ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ተሳተፉ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ በሂደት ላይ ነበር፤ እዚያም ጭማሪው 28 በመቶ ሆኖ በ1996 ቀኑ ሳይደርስ ቆመ። ካሮቱ ጥፋት የለበትም። አንዱን ነገር ከምግቡ ነጥሎ በብዛት መስጠት ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ እንጂ። ይህ በትልቅ ሙከራ ባይፈተሽ ኖሮ ዛሬም ለአጫሾች «ሳንባ ጠባቂ» እየተባለ ይሸጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ መለያው ወረቀትም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሳፕሊመንት (እንደ ምግብ ማሟያ የሚሸጥ እንክብል) ገበያ ከመግባቱ በፊት እንደሚሠራ ማስረጃ እንዲያቀርብ አይጠየቅም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ፣ ያማረ ጠርሙስ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሳይታሰብ የሚተዉ

አሚግዳሊን፣ ላይትሪል፣ «ቫይታሚን ቢ17» ሁሉም የአንድ ነገር ስም ናቸው ማለት ይቻላል፣ ቫይታሚን ግን አይደለም። ከአፕሪኮትና ከመራራ ለውዝ ዘር ይወጣል። ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ሳያናይድ ይለቃል። በአሜሪካ 178 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1982 ወጣ። ማንም አልዳነም። ሕክምናው ካበቃ ከሰባት ወር በኋላ የሁሉም ካንሰር አድጎ ነበር፣ አንዳንዶቹም ደማቸው ውስጥ አደገኛ የሳያናይድ መጠን ተገኝቷል። በአፍ ሲወሰድ ይብሳል፣ ምክንያቱም አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሳያናይዱን ይፈቱታል። ይህ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው መልስ ነው። አሁንም ቪዲዮው ይዞራል።

«ጥቁር ቅባት» እየተባለ ለቆዳ ካንሰር የሚሸጠውም እንዲሁ ይተው። ብላድሩት ከሚባል ተክል የሚሠራ ሲሆን ቆዳን አቃጥሎ ቅርፊት ይሠራል። ሰውየው ቅርፊቱ ሲነሳ ካንሰሩ የወጣ ይመስለዋል፣ ከሥሩ ግን ካንሰሩ መስፋፋቱን ሊቀጥል ይችላል። የግራቪዮላ ቅጠል እንክብልና ሻይም አለ። በውስጡ ያለው አኖናሲን ነርቭን የሚጎዳ ነው፣ በካሪቢያን ጓዴሎፕ ደሴት ተክሉን አዘውትረው በሚወስዱ ሰዎች ላይ ፓርኪንሰን መሰል በሽታ ከዚሁ ጋር ተያይዞ ተጠንቷል።

«እኔ የማውቀው ሰው ድኗል»

ይህን ዓረፍተ ነገር አክብሬ ነው የምሰማው። ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ፣ ቅጠሉን ከመጀመሩ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር? ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው። ዕጢው በቢላዋ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ኬሞ ወይም ጨረር ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። ያንን ትቶ ቅጠል የያዘ ሰው ለተወሰነ ጊዜ፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ደህና ሊሆን ይችላል፣ ያዳነው ግን ቢላዋው ነው። ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ምን ዓይነት ነበር? ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ ያለ ምንም ሕክምናም ዓመታት ይሄዳል።

ይህን በቁጥር ያሳየ ጥናት አለ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት ገና ሌላ ቦታ ያልተሰራጨ ካንሰር ኖሯቸው መደበኛ ሕክምናውን ሙሉ በሙሉ ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛውን ከወሰዱ 560 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የመሞት ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ። የጡት ካንሰር ላይ ከአምስት እጥፍ በላይ፣ የአንጀት ካንሰር ላይ ከአራት እጥፍ በላይ። ፕሮስቴት ላይ ልዩነት አልታየም፣ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ በጥናቱ ጊዜ ውስጥ ሊታይ አልቻለም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ። እኔ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ካንሰሩን ሳይሆን ሰውየውን የሚረዱ

እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። ዝንጅብል ካንሰር አያድንም። ኬሞ የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ ግን ሊያቀል እንደሚችል 576 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ አሳይቷል። የተሻለ የሠራው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ሲሆን የተሰጠውም በሐኪም ከሚታዘዘው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ጋር እንጂ በእሱ ምትክ አይደለም። መጠኑም ትልቅ አይደለም፣ ስለበዛ አይሻልም። ካንሰርና ሕክምናው የሚያመጡትን ድካም በተመለከተ ደግሞ የአሜሪካ ጂንሰንግ 364 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በቀን 2,000 ሚሊግራም ለስምንት ሳምንት ሲወሰድ ረድቷል። ካናቢስ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ በመድኃኒት መልክ ተዘጋጅቶ ድሮናቢኖል በሚል ስም ከ1985 ጀምሮ ሌላ መድኃኒት ላልረዳቸው የኬሞ ታማሚዎች ለማቅለሽለሽ ይታዘዛል። «ካንሰር ይገድላል» የሚለው ወሬ ግን በሰው ላይ አልተረጋገጠም።

እነዚህም ቢሆኑ ለሐኪሙ ሳይነገር አይጀመሩም፣ ምክንያቱም ዋናው አደጋ ብዙ ጊዜ ተክሉ ራሱ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር የሚፈጥረው ግጭት ነው። ሴይንት ጆንስ ዎርት ለድብርት የሚወሰድ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ነው። ጉበት መድኃኒት የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ያበረታል። አይሪኖቴካን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ሲለካ የመድኃኒቱ ዋና ሠሪ ክፍል ደም ውስጥ በ42 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። ታማሚው ኬሞውን በሰዓቱ ይወስዳል፣ ጸጉሩን ያጣል፣ ይደክማል፣ ግን ግማሽ ለመባል ትንሽ የቀረው መድኃኒቱ ባክኖበታል። ግሬፕፍሩት ደግሞ በተቃራኒው ኢንዛይሙን ያግዳል፣ አንዳንድ የካንሰር ክኒኖች ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ይከማቻሉ።

ታዲያ የቱን?

እንደየሁኔታው ይለያያል። ካንሰሩ ገና በጊዜ የተገኘና ሊድን የሚችል ከተባለ፣ ማወዳደሩን ተዉትና ሕክምናውን ጀምሩ። እዚህ ጋ የሚባክን ወር በኋላ የሚመለስ አይደለም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ምግቡን እንደ ልቡ ይብላ፣ እርዱንም ዝንጅብሉንም በወጥና በሻይ መልክ፣ የተጨመቀውንና በእንክብል የመጣውን ሁሉ ግን ያቁም ወይም ያስፈቅድ። ሕክምና ጨርሶ «እንዳይመለስብኝ ምን ልውሰድ?» ለሚል ሰው እስካሁን በአስተማማኝ ሁኔታ ይከላከላል የተባለ የዕፅዋት እንክብል የለም፣ የቤታ ካሮቲኑን ታሪክ አስታውሱ።

የሚከብደው ሐኪሞች «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ያሉት ሰው ነው። እሱን «ተው» ማለት ይከብደኛል። የእኔ ሐሳብ፣ አዲስ ነገር መሞከር ከፈለገ መጀመሪያ የሚገባበት ክሊኒካል ሙከራ (መድኃኒት በታማሚዎች ላይ በሥርዓት የሚፈተሽበት ጥናት) ካለ ይጠይቅ። እዚያ የሚሰጠው ነገር ከተክል የወጣም ሊሆን ይችላል፣ ልዩነቱ መጠኑ መታወቁ፣ ደሙ መመርመሩ፣ ሲጎዳው የሚያቆምለት ሰው መኖሩ ነው። ለሙከራ ገንዘብ ክፈል ከተባለ ግን ሁለት ጊዜ ያስብ፣ በትክክለኛ ሙከራ ውስጥ የሚሞከረውን መድኃኒት ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ አይገዛውም።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትወስዱትን ነገር በስሙ ብቻ አትናገሩ፣ ጠርሙሱን ወይም ቅጠሉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ታማሚ ይቆጡኛል ብሎ ይደብቃል። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ፣ የጉበት ምርመራው ውጤት ሲዛባ ምክንያቱን የሚያውቀው ከነገራችሁት ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምና ከተቀጠረ የነጭ ሽንኩርትና የጊንኮ እንክብል ደም መፍሰስ ሊያባብሱ ስለሚችሉ ከስንት ቀን በፊት መቆም እንዳለባቸው ጠይቁ። ታማሚው እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከሆኑና ቅጠሉን አልተውም ካሉ፣ ቅጠሉ ላይ አትጣሉ፣ ቀጠሮው ላይ ተስማሙ። «እሺ፣ ይጠጡት፣ ሐኪሙ ግን ይወቀው፣ የኬሞውን ቀን ደግሞ አናሳልፍም» ብላችሁ አብራችሁ ሂዱ።